አረንጓዴው ፕላስተር

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር በምሠራበት ስቱዲዮ አንዲት ተለማማጅ የካሜራ ካርድ በሁለት ጣቷ ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ገልብጬዋለሁ፤ ላጥፋው?» አለችኝ። «ከፍተሽ አይተሽዋል?» ስላት «የፋይሎቹ ስም እኮ ኮምፒውተሩ ላይ ገብቷል» አለች። ጮኽኩባት። እንዲያ የምጮኽ ሰው አይደለሁም። ልጅቱ ደንግጣ ወጣች፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም።

ነገሩ የሆነው ሃያ አራት ዓመቴ ሳለ ነው። ዳንግላ ላይ የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበርኩ እኖር ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ቡድን ስለ አዊ ፈረሰኞች ዘጋቢ ፊልም ሊሠራ እንጅባራ ማረፉን የነገረችኝ ሰላም ናት። ሰላም የእንጅባራ ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። የካሜራ ረዳት ሆና ተቀጥራ ነበርና «ኮምፒውተር ላይ እሱን የሚያህል የለም» ብላ እኔንም አስገባችኝ።

ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው። የተቀረጸውን ከካርድ ወደ ሁለት ሀርድ ዲስክ እገለብጣለሁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈትኩ አያለሁ። ገና ያልተገለበጠ ካርድ ላይ ቀይ ፕላስተር፣ ተገልብጦ የታየው ላይ አረንጓዴ እለጥፋለሁ። ሰላም አረንጓዴ ስታይ ፕላስተሩን ልጣ ትጥልና ካርዱን አጽድታ መልሳ ካሜራው ውስጥ ትከተዋለች። ዳይሬክተራችን መላኩ በመጀመሪያው ቀን «አንተ አረንጓዴ ካልክ እኛ አናጣራም» አለኝ። በዚያች ቃል ምን ያህል እንደኮራሁ አሁንም ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ቀን ከዘንገና ሐይቅ አለፍ ብላ ወዳለች መንደር ሄድን። ወሩ ጥር ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐዩ ጀርባ ያሞቃል። አያ ይሁኔ የቀርከሃ አጥራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሰማንያን ያለፉ የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው በወጣትነቱ ከሚጋልበው ፈረስ ወድቆ ሞቶ ነበር። በቀብሩ ቀን በአገውኛ ያወረዱለትን ሙሾ ከዚያ ወዲህ ካፋቸው አውጥተውት አያውቁም። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት መላኩ ለሳምንት ደጅ ጠንቶ ነው እሺ ያሉት።

«አንድ ጊዜ ነው የምለው» አሉን። «ያዙት፣ ልጆቼ።»

እኔ አገውኛ የምሰማው ግማሽ በግማሽ ነው። ሰላም ግን አፏን የፈታችበት ነውና ከካሜራው ኋላ ሆና እንባዋ እየወረደ ነበር። አያ ይሁኔ ሲጨርሱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ካርዱን ተቀብዬ መኪናችን ውስጥ መገልበጥ ጀመርኩ። ውጭ የሰፈሩ ሴቶች የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረቡ፤ ሽታው እስከ መኪናው ይመጣል። ከዚያ ሜዳው ላይ የፈረስ ግልቢያው ሊጀመር ነው ተባለ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ትከሻ ላይ ካየሁት ወዲህ ግልቢያ አይቼ አላውቅም ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ ሳላነበው «እሺ» የሚለውን ነካሁት። የፋይሎቹ ስም ሀርድ ዲስኩ ላይ ተደርድሯል። አልከፈትኳቸውም። ሁለተኛውን ዲስክም «ማታ እደርስበታለሁ» ብዬ ተውኩት። አረንጓዴ ፕላስተር ለጥፌ ካርዱን የካሜራው ሣጥን ክዳን ላይ አስቀመጥኩና ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ግልቢያው ያምር ነበር። አንዱን ድንች በእጄ ይዤ እንደ ሕፃን እየጮኽኩ አየሁት።

አመሻሹ ላይ እንጅባራ ሆቴላችን ደርሰን ፋይሎቹን ስከፍት ስማቸው ብቻ እንጂ ውስጣቸው ባዶ ነበር። ካርዱን ደግሞ ሰላም አጽድታው የፈረሶቹ ግልቢያ ተቀርጾበታል። ሙሾው የትም የለም።

መላኩ ጠራን። ሰላም «አረንጓዴ ነበረበት» አለች። ያኔ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? እባረር ነበር፤ ከዚያ በላይ ምንም። እኔ ግን «የለም፤ ቀይ ነው የለጠፍኩት። ግልበጣው ስለተቋረጠ እንደገና ልጀምረው ነበር» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሰላም አየችኝ። በቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር ለማስታወስ እንደሚጥር ሰው ግንባሯን ቋጥራ አየችኝ።

«እሱ ቀይ ካለ...» አለች ቀስ ብላ፣ «እያለቀስኩ ስለነበር አጥርቼ አላየሁት ይሆናል።»

አመነችኝ። ከዓይኗ ይልቅ እኔን አመነች።

በማግስቱ ሦስታችን ወደ አያ ይሁኔ ተመለስን። መላኩ ነገሩን አስረድቶ አንድ ጊዜ እንዲደግሙልን ለመናቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም።

«ይኸ ለሬሳ የሚባል ነው፣ ልጄ» አሉት። «ወንድሜን ሁለት ጊዜ ልቅበረው?»

ያኔ ሰላም እግራቸው ሥር ወደቀች። «አያ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች፤ ቀጥላም በአገውኛ ሌላ ነገር ተናገረች። እሳቸው በሁለት እጃቸው ትከሻዋን ይዘው አነሷትና መረቋት። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ሁለት እርምጃ ያህል ይርቁኛል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አላወጣኋትም።

ሰላም በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበተች። ፊልሙ ያለ ሙሾው አለቀ፤ በመጨረሻው ላይ ከሚወጡት ስሞች መካከል የእኔ ስም አለ፣ የእሷ የለም። ካሜራ ዳግመኛ አልነካችም። እኔ ግን በዚያ ሥራ ተመስግኜ ነው ባሕር ዳር የገባሁት።

ከሰባት ዓመት በኋላ ዳንግላ ውስጥ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት እንደ ባለጉዳይ ተቀምጬ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ታውቃለህ» አለች በመጨረሻ፣ «ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ነው የማየው። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ዓይኔን አላምነውም። ሰባት ዓመት ሙሉ።» ቀጥላም ጠየቀችኝ። «ለአያ ይሁኔ ነግረሃቸዋል?»

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ማረፋቸውን ሰምቼ ነበር። ነገርኳት።

«እንግዲያው አጥፊዋ ብለው የእኔን ስም እንደያዙ ሄዱ» አለችና የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራች።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳትም። ጓደኞቼ «የወጣትነት ስህተት ነው፣ እርሳው» ይሉኛል። ካርዱን ሳላጣራ መተዌ የወጣትነት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ እሱን ማንም ይሠራዋል። እኔን የሚያሳፍረኝ እሱ አይደለም። ሰላም ላልሠራችው ጥፋት መሬት ላይ ለመውደቅ ያስፈለጋት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። እኔ የራሴን ለመናገር ሰባት ዓመት ፈጀሁ፤ ያንንም ወንበር ላይ ተቀምጬ።