ከባንኮክ የተረፈ ገንዘብ

እናቴ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ የራሷ የምትለው ገንዘብ በእጇ ገብቶ አያውቅም። የልጄ የሃይስኩል ምርቃት ሲቃረብ ለስጦታ የሚሆን ዶላር ልሰጣት ብል፣ «ያንቺን ብር ሰጥቼ የእኔ ስጦታ ነው ልበል? አላደርገውም» አለችኝ። ከሻንጣዋ ሥር በመሀረብ የተቋጠረ የታይላንድ ገንዘብ አወጣች፤ ሳንቲምና የቀድሞው ንጉሥ ምስል ያለባቸው አሮጌ ኖቶች።

እናቴ የመርካቶ ልብስ ነጋዴ ነበረች። በልጅነቴ ባንኮክ እየተመላለሰች ልብስ ታመጣ ነበር። ሻንጣዋ ሲከፈት የሚወጣው የአዲስ ጨርቅ ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል። የተረፋትን የታይላንድ ባት አትመነዝረውም፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ትቋጥረዋለች። አባቴ ታሞ እሷም ቤት ስትውል ጉዞው ቀረ፤ ቋጠሮው ግን ሳይፈታ ቆየ።

የታይላንድን ቋንቋ አንዲት ቃል አታውቅም ነበር። ከሻጮቹ ጋር የምትግባባው በካልኩሌተር ነው። ሻጯ ዋጋ ትጽፋለች፣ እናቴ ግማሹን ጽፋ ትመልስላታለች። አልስማማ ካሉ ጥላ መሄድ ነው። «ቀስ ብለሽ ነው የምትሄጂው» ትለኝ ነበር፣ ሳሎን ውስጥ እየተራመደች እያሳየችኝ። «ዞር ብለሽ ካየሽ አለቀልሽ። ሳይጠሩሽ አትመለሺም።» ሁልጊዜም ይጠሯት ነበር።

በኦፍ ቀኔ ፖላሪስ ሞል ውስጥ ወዳለ የምንዛሪ መስኮት ወሰድኳት። መነጽር ያደረገች ሠራተኛ ሳንቲም አንቀበልም ብላ ኖቶቹን ብቻ ቆጠረችና ስንት እንደሚሆን በካልኩሌተር አሳየችን። ጉድ ያመጣው እሱ ነው። እናቴ ፊቷ በራ። ካልኩሌተሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ከፍ ያለ የራሷን ዋጋ መታችበትና መለሰችላት።

«እማዬ፣ እዚህ ሬቱ ፊክስድ ነው፤ ክርክር የለም» አልኳት።

«ዝም በይ፣ ሥራዬን አታበላሺብኝ።»

ሠራተኛዋ አይሆንም ስትል ራሷን ነቀነቀች። እናቴ ኖቶቿን ሰብስባ ቀስ እያለች መሄድ ጀመረች። ሳሎን ውስጥ ስታሳየኝ የኖረችው አረማመድ፣ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም፣ ያው ነበር። የነጋዴ አመል አይለቅም ብዬ ልስቅ ቃጣኝ። ግን ማንም አልጠራትም። ከኋላችን የነበረው ሰው ወደ መስኮቱ ቀረበ። እናቴ እርምጃዋን አሳጠረች፤ አሁንም የጠራት የለም። ሳትጠራ ሞታም አትመለስም፣ ስጦታውም እዚያው መቅረቱ ነው። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቄ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩና፣ «እባክሽ፣ ዋጋውን አትጨምሪ፤ ጥሪያት ብቻ» አልኳት።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ማም! ካም ባክ፣ ማም» አለች።

እናቴ ወዲያው አልዞረችም። ትንሽ ቆማ፣ ቅር እንዳለው ሰው እየተጎተተች መጣች። ያንኑ የመጀመሪያውን ዋጋ አይታ፣ «እሺ፣ ለዛሬ ይሁንላት» ብላ ተቀበለች።

መኪና ውስጥ ዶላሩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።

«አዋጣሽ?» አልኳት፣ ፈገግታዬን ደብቄ።

«እንግሊዝኛ ባላውቅ ልመና አላውቅም? ከፊቴ በነበረው ሱቅ መስታወት አይቼሻለሁ።»

መኪናውን አስነሳሁ። እሷ ቀበቶዋን እያሰረች፣ «ቢሆንም ደግ አደረግሽ» አለችኝ። «መጠራቱ ናፍቆኝ ነበር።»