ወንጌሉ በአንድ እጅ የመጣ ዕለት

አዋጅ! አዋጅ! ባለ ጉልት ሁነህ ስማ፣ ባለ ጋሻ ሁነህ ስማ፤ ሐውልት የሚያቆምም ስማ፣ የሚያቆምለት ያጣህም ስማ! ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር፣ ለበሬ መዞሪያ እንኳ በምትጠብ የበርበሬ ማሳ ላይ፣ ታንጉት የምትባል አንዲት ሴት እንደ ኖረች በዛሬው ቀን በይፋ ታውጇል። ማዕረጓ፦ የለም። ጠመንጃዋ፦ የለም። ርስቷ፦ ከላይ የተጠቀሰው ማሳ፣ እሱም ድንጋያም። ጀብዷ፦ እግዜርን ጠየቀች።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሳቅህ? ሳቅ እንጂ። የመንደሩም ሰው ሲስቅባት ነው የኖረው።

ሌላው ሰው ሲጸልይ እንደ ወፍጮ ነው፤ ከላይ ይጨምራል፣ ከታች ይዝቃል፣ መሀል ላይ ምን እንደ ተፈጨ አያይም። አባታችን ሆይን በአንድ ትንፋሽ ጀምሮ በዚያው ትንፋሽ ይጨርስና፣ ትልቅ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ነጠላውን አራግፎ ወደ ሞፈሩ ይሄዳል። ታንጉት ግን ከሚካኤል ደብር የሴቶች በር ላይ ቆማ፣ ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ላይ እንደምትጨዋወት ሁና ትጀምራለች።

«እንዴት አደርህ ጌታዬ? እኔ ደኅና ነኝ። ትናንት የወረደው በረዶ ግን ለማን ነበር? ለኔ ከሆነ ምን አጠፋሁ? ለቻይነሽ ከሆነም ማሳዋ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ስተኸዋል።»

ጠይቃ ደግሞ ዝም ትላለች። ዝምታዋ የጨረሰ ሰው ዝምታ አይደለም፤ የጠየቀ ሰው ዝምታ ነው። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ትቆያለች። ጎረቤቷ ቻይነሽ በአጠገቧ ስታልፍ፣ «ዛሬስ ምን አለሽ?» እያለች ታሾፍባታለች። ታንጉት ትመልሳለች፦ «ቆይ እንጂ፤ ገና እየሰማኝ ነው።»

የነፍስ አባቷ ቄስ አድማሴ በዚህ ነገር ጨጓራቸው እስኪላጥ ድረስ ተናደዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ያልተጠየቀ ነገር ሁሉ ደኅና ይመስላቸዋል። «አንቺ ሴት! አምላክን ችሎት አቆምሽው እኮ! ጸሎት ማለት ምስጋና ነው፣ ልመና ነው። ሙግት ከፈለግሽ ወደ ጭቃ ሹሙ ሂጂ!» ብለው ለእያንዳንዷ ጥያቄ ዐሥራ ሁለት ስግደት ደነገጉባት።

ታንጉት ግንባሯ ላይ ያለውን አፈር ሳትጠርግ፣ «ቄሴ፣ እመቤታችን ራሷ መልአኩን እንዴት ይሆናል ብላ ጠይቃው የለም ወይ? እሷስ ስንት ሰገደች?» አለቻቸው።

ቄስ አድማሴ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና «ሃያ አራት!» አሉ። ሃያ አራቱ ለእመቤታችን ሳይሆን ለታንጉት ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ጣልያን መጣ። የታንጉት ባል ላቀው ጠመንጃውን ወልውሎ ጫካ ገባ፤ የቻይነሽም ባል ቢሰጥ ተከተለው፤ አምስት የመንደሩ ሰዎች ተጨመሩና ሰባት ሆኑ። የቀረው ሰው ፍርሃት ያዘው። ፍርሃት የያዘው ቄስ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አፍ መዝጋት ነው፤ የራሱን ብቻ አይደለም፣ የሰውንም። ቄስ አድማሴ በ1930 ክረምት ላይ ታንጉትን ጠርተው «ዘመኑ የጥያቄ አይደለም። ካላቆምሽ ከመስቀሌ አትድረሽ» አሏት። መስቀል ከመሳለም መከልከል ለእሷ እንደ ስግደቱ ቀልድ አልነበረም። አቆመች።

ክረምቱን በሙሉ እንደ ሰው ጸለየች። ከላይ ጨመረች፣ ከታች ዛቀች። መንደሩ «ታንጉት ተመከረች» ብሎ አመሰገናት። እሷ ግን ለቻይነሽ እንዲህ ነበር ያለቻት፦ «አፌ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመለሳል፤ እኔ ግን ከቤቴ አልወጣሁም።»

በ1931 የኅዳር መባቻ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ግራዝማች ገደፋው ዐሥር ባንዳ አስከትሎ ከደብሩ ቅጥር ገባ። ግራዝማችነቱን ማን እንደ ሰጠው የሚያውቅ የለም፤ ከቡሬ ሲወጣ ገደፋው ነበር፣ መንደሩ ሲደርስ ግራዝማች ሁኗል፤ መንገድ ላይ ያገኘው ይመስላል። የሶላቶ ኮት ለብሷል፤ ኮቱ ጠብቦት ስለነበር ሲናገር እጁን ከፍ ማድረግ አይችልም፤ ስለዚህ በምላሱ ብቻ ይወራጫል።

«ወገኖቼ!» አለ። «መንግሥት ምሯችኋል። ለኅዳር ሚካኤል መሣሪያውን ይዞ ቡሬ የገባ ጠጉሩ አይነካም። ወረቀቱን ተቀብሎ ያንኑ ቀን ከሚስቱ ዘንድ ይመለሳል። አታምኑኝም? ቄሴ፣ ወንጌሉን ያምጡልኝ!»

ቄስ አድማሴ ገብተው የደብሩን ብራና ወንጌል ከነማኅደሩ ይዘው ወጡ። ማኅደር የምንለው መጽሐፉ የሚታቀፍበት የቆዳ ሰገባ ነው፤ ከብዙ ዘመን መሳለም የተነሣ ጥቁር ሁኖ ይወዛል። ሕዝብ ማኅደሩን ይስማል፤ አይከፍትም፣ ይከፈትልኝም አይልም። እንዲህ ማለት ቄሱን በሰው ፊት ጥምጥምዎን ይፍቱ እንደ ማለት ያለ ነውር ነው። ገደፋው ማኅደሩን ተቀበለ፣ ሳመ፣ እጁን ጫነበት፦

«ይህን ቃል ባጥፍ ይህ ወንጌል ይፍረድብኝ!»

ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። ከዚያ ተሰልፎ ሳመ። ታንጉትም ተሰልፋ ሳመች።

እንግዴህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ላቀው ጫካ ሲገባ ለታንጉት የነገራት አንድ ቃል ነበር፦ «ማንም ግባ ቢለኝ አልገባም። አንቺ ግባ ካልሽኝ እገባለሁ።» ስድስቱም ጓደኞቹ የላቀውን ዓይን ነው የሚያዩት። ስለዚህ የሰባት ሰው አንገት በአንዲት በርበሬ ለቃሚ ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል። ገደፋው እውነቱን ከሆነ ላቀው ለበዓሉ ከቤቱ ይውላል፤ ሁለት ዓመት የቀዘቀዘው መደብ ሰው ይተኛበታል። ውሸቱን ከሆነ ደግሞ ባሏን በገዛ አፏ ጠርታ ማስገደሏ ነው።

ቻይነሽ በደስታ እግሯ መሬት አይነካም። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂና ንገሪያቸው እንጂ!» እያለች ትጎተጉታታለች። «ሰውየው በወንጌል ምሎ!»

ኅዳር ዐሥር ቀን ጠዋት ታንጉት ድርቆሽና ድልህ በስልቻ ቋጥራ ወደ ጫካው ተነሣች። መንገዱ በደብሩ ደጃፍ ያልፋል። እሷ ግን አላለፈችም። ከሴቶች በር ቆማ የለመደችውን ደገመች። አንዴ ደገመች። ሁለቴ ደገመች። ሦስተኛው ላይ መሀል ደርሳ አቋረጠችው።

«ጌታዬ፣ ስግደቱን እሰግዳለሁ። መስቀሉንም ይከልክሉኝ። ካልጠየቅሁህ ግን መሄድ አልቻልሁም። ገደፋው ሲምል አንተ እዚያ ነበርህ? ከነበርህ ሆዴ ለምን እምቢ አለኝ?» ዝም አለች። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች፦ «ደግሞ አንድ ነገር አለ። ወንጌልህን ቄስ አድማሴ ለዓመት በዓል ሲያወጡት በሁለት እጃቸው አቅፈው ነው፤ ጠብደል ነው፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። የዚያ እሑድ ግን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው መጡ። በሌላው ዝንብ ያባርሩ ነበር። ጌታዬ፣ ወንጌልህ መቼ ቀለለ?»

ይህን ማየቷን እስክትጠይቅ ድረስ አላወቀችውም ነበር። ዓይኗ አይቶት ኑሯል፤ እሑድ አብሯት ተሰልፎ፣ አብሯት ስሞ፣ አብሯት ቤት ገብቷል። በደጋገመችው ጸሎት ስር ግን ተቀብሮ ነበር፤ ጥያቄው ነው ቆፍሮ ያወጣው።

መልስ መጣ። ሰማይ አልተቀደደም። ከግንቡ ወዲያ አንድ ሰው አሳለው።

ቄስ አድማሴ ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ታንጉት።»

«አቤት ቄሴ። ዐሥራ ሁለት ነው ወይስ ሃያ አራት?»

«ተይኝ ከስግደቱ። ማነው የነገረሽ?»

«ማንም። እኔ እሱን ነው የጠየቅሁ።»

ቄሱ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን አወለቁ፤ ታንጉት በሕይወቷ መላጣቸውን ስታይ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«የዋንዛ ጠርብ ነው» አሉ። «ማኅደሩ ውስጥ ያለው እንጨት ነው። ጣልያን ቡሬ የገባ ሰሞን ይዘርፉታል ብዬ ወንጌሉን በቁርበት ጠቅልዬ ከእህል ጉድጓዴ ቀበርሁት። ሕዝቡ እንዳይረበሽ በቦታው ጠርብ ጨመርሁ።»

«ገደፋው ያውቃል?»

«ስሰጠው በእጁ መዘነው። ‹ቀለለሳ፣ ቄሴ› አለኝ በጆሮዬ። ሳቀ። ከዚያ ሳመና ማለበት።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ? ወንጌሉን አዳንሁት ብዬ ደስ አለኝ።»

«ወንጌሉ ሰው ሊያድን አልነበረም እንዴ የተጻፈው?»

ቄሱ ለዚህች ጥያቄ ስግደት አላዘዙም። አለቀሱ። እዚህ ላይ ፈራጅ ሁነህ ከንፈርህን አትምጠጥባቸው፤ በጎረቤት ደብር አንድ ቄስ ከዋርካ ላይ የተሰቀሉት በዚያው ወር ነው፤ አንተ ብትሆን ጠርቡን ሁለት ታደርገው ነበር።

«የኛዎቹን ሰባቱን እኔ አስቀራለሁ» አለች ታንጉት ስልቻዋን አንሥታ። «በሌላው መንደር ያሉትንስ ማን ይንገራቸው?»

ቄስ አድማሴ ጥምጥማቸውን መልሰው ጠመጠሙ። ያን ቀንና በማግስቱ፣ በሽታ ገብቷል ብለው፣ ጸበል እየረጩ ከቤት ቤት ዞሩ። በየቤቱ ሴቶቹን በጸበል ይመቷቸውና ጎንበስ ብለው በጆሮ አንድ ቃል ይናገራሉ። እግራቸው የቻለውን ያህል ደረሱ። ያልደረሱበትም አለ።

ቻይነሽ ታንጉት ጫካ ሂዳ «አትግቡ» ማለቷን ስትሰማ መጥታ በሰው ፊት በጥፊ መታቻት። «ባሌን ከለከልሽኝ! አንቺ የእግዜር ጠበቃ! ምቀኛ!» ታንጉት ጉንጯን ይዛ ወደ ማሳዋ ሄደች።

ለኅዳር ሚካኤል ከሩቅ መንደር ሠላሳ ያህል ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ቡሬ ገቡ። መሣሪያቸውን አስረከቡ። ወረቀትም ተሰጣቸው፤ እስከዚህ ድረስ ገደፋው አልዋሸም። ከዚያ ከነወረቀታቸው በካሚዮን ተጫኑ። ካሚዮኑ ባዶውን ተመለሰ።

ወሬው መንደር በደረሰ ማግስት ቻይነሽ ከታንጉት ማሳ መጣች። ቁና ይዛ በርበሬ ትለቅም ጀመር፤ ማሳው እስኪያልቅ ድረስ ሦስት ቀን አብራት ለቀመች።

ገደፋው ግን ጅል አልነበረም። ከዚህ ደብር አንድም ሰው ለምን እንዳልገባ ገባውና ቄስ አድማሴን አስሮ ወሰዳቸው። ታንጉት አምስት ወር ሙሉ ከሴቶች በር ቆማ «ቄሴ ዬት ናቸው? በልተዋል? ማን ያወራቸዋል?» እያለች ጠየቀች። በአምስተኛው ወር የፊት ጥርሳቸውን ቡሬ ጥለው መጡ። እዚያው ደጃፍ አገኟትና «እዚያ ሁኜ እኔም ጠየቅሁት» አሏት፤ ቃሉ በጥርሳቸው ክፍተት እየተፏጨ።

«መለሰልዎ?»

«ገና እየሰማኝ ነው።»

በ1933 ጣልያን ሄደ። ላቀው ጢሙ ደረቱ ደርሶ መጣ፤ ቢሰጥም መጣ። ገደፋው ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ማንም ወደማያውቀው አገር ጠፋ። ወንጌሉ ከጉድጓድ ወጣ፤ ምስጥ ዳር ዳሩን በልቶታል፣ ልቡ ግን ደኅና ነው። በበዓሉ ዕለት ቄስ አድማሴ ከነማኅደሩ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ላብ እያጠመቃቸው ይዘውት ወጡ፤ ሕዝቡም ምንም እንዳልሆነ ሰው ተሰልፎ ቆዳውን ይስም ጀመር። አዎ፣ ያንኑ ቆዳ። ጠርብ ሲስም የኖረ ሕዝብ ነው።

ታንጉት ተራዋ ደርሶ ቆመች። አልሳመችም።

«ይከፈትልኝ» አለች።

ሰልፉ አጉረመረመ። «ኧረ ይቺን ሴት!» አለ አንዱ። ላቀው አንገቱን ደፋ። ቄስ አድማሴ ግን ሳይቆጡ ማኅደሩን ፈቱ፤ ብራናውን ገለጡና ድንግል መልአኩን የጠየቀችበትን ቦታ በፍንጭታቸው እያፏጩ አነበቡላት። ታንጉት ጎንበስ ብላ ገጹን ሳመች። ከኋላዋ የቆመችው ቻይነሽ «ለኔም እንደተከፈተ ይቆይልኝ» አለች። ከእሷ በኋላ የመጣው ሰው ግን፣ «ይዘጋልኝ፣ ለምጄዋለሁ» አለ።

የታንጉት መቃብር ዛሬ ዬት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሐውልት ላቁም ብዬ አላስቸግርህም፤ አዋጁን የነገርሁህ ለዚያ አይደለም። የምለምንህ ሌላ ነው። ነገ ጠዋት ተነሥተህ የለመድኸውን ጸሎት ወፍጮህ ላይ ፈጭተህ ስትጨርስ፣ ነጠላህን አራግፈህ ከመሄድህ በፊት፣ እባክህ እዚያው ትንሽ ቁም፤ ከዓመት ዓመት እየሳምኸው ያለውን፣ አንድ ቀን እንኳ ያልከፈትኸውን ያን ማኅደር እያሰብህ፣ አንዲት ነገር ብቻ…