ለማንም የማይነገር ቁጥር

መንግሥት በየወሩ የምግብ መግዣ ብር የሚያስገባበት የፉድ ስታምፕ ካርድ ሲላክ አብሮት የምክር ወረቀት ይመጣል። የምስጢር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ ይላል። ቁጥሩን ሲመቱ በሌላው እጅዎ ይሸፍኑ፣ የልደት ቀንዎን አይጠቀሙ፣ ብሩ ሊገባ ሲል በየወሩ ይቀይሩት ይላል። ምክሩ ጥሩ ነው። የጻፈው ሰው ግን እናቴን አያውቃትም።

እናቴ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ አዛውንቶች በሚኖሩበት ሕንፃ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ ቤቴ ሞንትቤሎ ሰፈር ነው፤ የምሠራው ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ነው። ሥራዬ ሰው መጠርጠር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቀበቶ አስፈታለሁ፣ የሕፃን ጡጦ እመረምራለሁ፣ መራመድ ያቃታቸውን ባልቴት ከዘራ ተቀብዬ በማሽን አሳልፋለሁ። ለዚህ ደሞዝ ይከፈለኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የፈለሰፈው ሰው ዛሬ ቢኖር አለቃዬ ይሆን ነበር።

የእናቴ ቁጥር ዜሮ አንድ ዜሮ አንድ ነበር። አሁን ስለተቀየረ ባወራው ግድ የለም፤ ለነገሩ ሳይቀየርም የማያውቀው ሰው አልነበረም። ከስደተኛ ጣቢያ የመጣ ሰው የተወለደበትን ቀን ካላወቀ፣ ፎርሙን የሚሞላው ሰው ጃንዋሪ አንድ ብሎ ይገላገላል። ስለዚህ በእናቴ ሕንፃ ያሉት የአገራችን ሽማግሎችና አሮጊቶች ሁሉ በአንድ ቀን የተወለዱ ናቸው። ይህን ያህል መንታ የወለደ አገር ከኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

«እማዬ፣ የልደት ቀን አትጠቀሙ ይላል እኮ» አልኳት ወረቀቱን እያሳየሁ።

«መች ተጠቀምኩ? እኔ የተወለድኩት በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። ይኼ እነሱ የጻፉት ነው። እነሱ በጻፉት እኔ ምን አገባኝ?»

ይህን የሚመልስ ሰው ካለ ይምጣና ይመልስላት።

ከእናቴ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤቷ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ በዕድሜ እኩያዋ፣ እንደሷ በሱዳን በኩል የመጡ የአዲስ አበባ ሰው። ሁለቱ ከሥጋ በቀር የማይጋሩት ነገር የለም። ጎረቤቷ በየማለዳው በከዘራቸው የእናቴን በር ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ እናቴ ከውስጥ «አለሁ!» ትላለች፤ እሳቸውም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን «አለሁ» የሚል ድምፅ ጠፋ። እናቴ መታጠቢያ ቤት ወድቃ መነሳት አቅቷት ነበር። ሕንፃውን የሚጠብቀውን ሰው እየጎተቱ አምጥተው በሩን ያስከፈቱት እሳቸው ናቸው። እኔ በዚያ ሰዓት የሰው ቀበቶ አስፈታ ነበር።

ነገሩ የተከሰተው በሁዳዴ ጾም መጨረሻ ነው። የእናቴ ብር በገባ ማግስት ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለች።

«ካርዴ ሞተች» አለችኝ።

ሐበሻ ሱቅ ሄዳ ምስሩን፣ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን ለቅማ ካርዷን ብትሰጥ፣ ባለሱቁ «እማማ፣ ባዶ ነው» ብሏት ኖሯል። ቅርጫቷን እዚያው ትታ ባዶ እጇን ወጣች። የወሩ ምግቧ እንዳለ ጠፋ ማለት ነው፤ የፋሲካውም ጭምር።

እኔ ደግሞ ስለዚህ ሌብነት ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ሌቦች በሱቁ ማሽን ላይ ሌላ ስስ ማሽን ይለጥፋሉ፣ ካርዱን ኮፒ ያደርጋሉ፣ ቁጥሩን በካሜራ ያያሉ፤ ብሩ በገባ ሌሊት ሙልጭ አድርገው ይወስዱታል። ይህን ለእናቴ ስሰብክ ከርሜያለሁ። ካርድሽን ከማስገባትሽ በፊት ማሽኑን ነቅነቅ አድርጊው ብዬ አስተምሬያት ነበር። እሷም ታዛዥ ናትና ማሽኑን ከነሽቦው ልትነቅለው ምንም አልቀራትም። ባለሱቁ «እማማ፣ ምን በደልኩዎት?» ሲላት «ልጄ ናት ያዘዘችኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው እኔን ሲያይ ማሽኑን በእጁ ይይዛል።

ከሥራ እንደወጣሁ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር እናቴ ቤት ደረስኩ። ወንበር ስቤ በካርዱ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። የሚያናግረኝ መሣሪያ ነው። የካርዱን ቁጥር ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። የትውልድ ቀን ጠየቀኝ፤ ጃንዋሪ አንድን ከነዓመቱ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ። የሶሻል ሴኩሪቲዋን፣ ማለትም የመንግሥት መለያ ቁጥሯን፣ የመጨረሻ አኃዞች ስሰጠው ግን አይመሳሰልም አለ። ደገምኩለት። አይመሳሰልም አለ። ይኼኔ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። ሌባው ምግቡን ብቻ አይደለም የወሰደው፤ እናቴን ራሷን ሆኗል! የሠለጠነ ጠርጣሪ ማለት እንዲህ ነው።

«ቁጥሩን ማን ማን ያውቀዋል?» ብዬ ምርመራ ጀመርኩ።

«ባለሱቁ ያውቀዋል፤ ዓይኔ ስለማያይ እሱ ነው የሚመታልኝ። ቤት የምትረዳኝ ልጅ ታውቀዋለች። ደግሞ እሷ» አለችና በአገጯ ወደ ጎረቤቷ በር ጠቆመች። «ጉልበቴን ሲያመኝ የሚገዛልኝ ማነው? አንቺ?»

ይችን የመጨረሻዋን ጥያቄ አለፍኳት። «እሳቸው በቅርቡ ገበያ ወጥተዋል?»

«ትናንት ሥጋ ምናምን ገዝታ ስትገባ አግኝቻት ነበር። እንዴት ነው ነገሩ፣ የሷ ብር ከኔ በኋላ አይደል እንዴ የሚገባው…» አለች።

የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። ከዚያ በፊት እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ወድቃ ሆስፒታል የገባች ዕለት እንኳ። ተናድጄ ብድግ አልኩ። እናቴ የዩኒፎርሜን እጅጌ ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ቁጭ በይ! ያቺ ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። በልታውም ከሆነ ትብላው፤ ርቧት ነው። ብሩ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። በሬን የሚያንኳኳ ሰው ግን በካርድ አይላክልኝም።»

«እማዬ፣ ሌብነት እኮ ነው።»

«ሌባ ብለሻት ከዚህ ብትወጪ፣ ነገ ጠዋት ‹አለሁ› የምለው ለማን ነው? ላንቺ?»

ይኼኛውንም ጥያቄ አለፍኩት። ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ከልማድ የተነሣ እጅጌዬን እንደያዘች «አለሁ!» አለች።

ጎረቤቷ በፎይል የተሸፈነ ሳህን ይዘው ገቡ። የምስር ሳምቡሳ ነበር፤ እናቴ በጾሟ እንድትበላው።

«ባለሱቁ ነገረኝ፤ ሌባ ዘረፋት አለኝ። አላህ የእጁን ይስጠው!» አሉና ሳህኑን አጠገቧ አስቀመጡት። «ብዪ እስቲ። የኔ ካርድ እያለ አትራቢም።»

ሳምቡሳው ይሸታል። ምሳ አልበላሁም። ተጠርጣሪዋ ራሷ ማስረጃውን ጠብሳ አምጥታልኝ እጄን አጣጥፌ ማየቱ እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

«የእርስዎ ብር ገባ እንዴ፣ እማማ?» አልኳቸው፤ ኤርፖርት ላይ በማወጣው ለስላሳ ድምፅ። እናቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«ገባ! አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ ወር ቀኑ ሳይደርስ ገባ። ጨመርም አድርገውልኛል።»

«ካርድዎን ላየው?»

ከደረታቸው አውጥተው ሰጡኝ። «እንኪ። ቁጥሩ ዜሮ አንድ ዜሮ አንድ ነው።»

ቁጥሩን አልጠየቅኋቸውም ነበር። «ይህን ቁጥር ማን ሰጠዎት?»

«ማን ይሰጠኛል? ልደቴ ነዋ!»

እናቴ እግሬን ለቀቀችው። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ስም የለባቸውም፤ ከተጻፈባቸው ረጅም ቁጥር በስተቀር አንድ ናቸው። እንደገና ደወልኩና የእሳቸውን ካርድ ቁጥር ከእናቴ ሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ሰጠሁት። ያ ግትር መሣሪያ ያለ ምንም ክርክር ከእናቴ የወር ምግብ የተረፈውን ነገረኝ።

ባለፈው ሳምንት ሁለቱ አብረው ገበያ ወጥተው ካርዶቻቸውን አንድ ላይ ለባለሱቁ ሰጥተውት ነበር። እሱ ሲመልስላቸው አቀያየረው። አንዳቸውም ረጅሙን ቁጥር ለይተው አያነቡም፤ የምስጢር ቁጥራቸውም አንድ ስለሆነ ማንኛዋም በማንኛዋ ካርድ ብትገዛ ማሽኑ እሺ ይላል። ካሜራ የለም፣ የተለጠፈ ማሽን የለም። የነበረው የስደተኞች ቢሮ በአንድ ቀን፣ ያውም በአንድ ዓመት፣ የወለዳቸው ሁለት አሮጊቶች ነው።

ስነግራቸው መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ እናቴ «ቆይ፣ እንግዲያው የኔ ካርድ የሙስሊም ሥጋ ገዝታለች ማለት ነው?» አለች።

«ሰልማልሻለች!» አሉ ጎረቤቷ። «ወስደሽ ጠበል አስጠምቂያት።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለሥጋ የወጣውን ጎረቤቷ ብራቸው ሲገባ በምስርና በዘይት ሊተኩ ተስማሙ። ለምን ካርዳቸውን እንደጠየቅኋቸው አልጠየቁኝም። የገባቸው ይመስለኛል፤ ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው «ሥራ በዝቶብሻል፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያች ቃል ስድብ በተሻለኝ።

ሐፍረቴን ለመሸፈን በማግስቱ አስተማሪ ሆኜ ተመለስኩ። ሁለቱንም ፒን ቼንጅ ማድረግ አስተማርኳቸው። ደውዬ የካርዱን ቁጥር ካስገባሁ በኋላ ስልኩን እሰጥና አዲሱን ቁጥር ሲመርጡ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ ሕግ ሕግ ነው። አራት ቁጥር ለመምረጥ የፈጀባቸው ጊዜ ለልጅ ስም ለማውጣት አይፈጅም። ሲጨርሱ ጣቴን አውጥቼ ሰበክሁ። «ለማንም! ለባለሱቁም፣ ለምትረዳሽ ልጅም፣ ለቄሱም፣ ለሼኩም። ለማንም አይነገርም!» ሁለቱም እንደ ተማሪ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሑድ ወተትና ዳቦ ይዤ ስመጣ ጎረቤቷ እዚያው ተቀምጠዋል። ትምህርቴ ፍሬ ማፍራቱን ለማየት «ቁጥሩን ለማንም አልነገራችሁም አይደል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ለማንም» አሉ ጎረቤቷ። «ለሷ ብቻ።»

«ለሷ?!»

«ታዲያ ካልተነጋገርን አንድ ዓይነት መምረጥ አለመምረጣችንን በምን እናውቃለን?» አለች እናቴ፤ እኔ አላስብ ብዬ እሷ ስላሰበችው የተናደደች ትመስላለች። «ደግሞ ከዛሬ ሁለት ቀን በፊት ጉልበቴ ተነሥቶብኝ እሷ ናት የገዛችልኝ።»

ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ። ዳቦውንም አስቀመጥኩ። ከዚያ ተመልሼ፣ «እሺ፣ ለኔም ንገሪኛ። ምናልባት ሲያስፈልግ…» አልኳት።

እናቴ ካርዷን ወደ ደረቷ ከተተች።

«ላንቺማ አልናገርም።»

«ለምን?»

«ለማንም አይነገርም ብለሽ የለ?»

የምትቀልድ መስሎኝ ጠበቅኋት። አትቀልድም ነበር። ሻይዋን አንሥታ ፉት አለች።

ጎረቤቷ አዘኑልኝ መሰለኝ ወደ እኔ ጠጋ አሉና እጄን ያዙኝ።

«አይዞሽ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ካስፈለገሽ እኔን ጠይቂኝ።»