ሸጋና አሰልጣኙ ወንድሟ

ሸጋ ወሬ የሚያበዛ ሰው አትወድም። እንጅባራ መውጫ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ቀርከሃ እየሰነጠቀች ወንበርና አልጋ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ገዢ መጥቶ የኑሮ ውድነት ማማረር ሲጀምር ወንበሩን ወደ ፊቱ ገፋ አድርጋ፣ «ትወስደዋለህ ወይስ ተቀምጠህ ታወራበታለህ?» ትላለች። ስትንቅ አትደብቅም። ከንፈሯ በአንድ በኩል ጣመም ይላል፤ ያን ያየ ሰው ሌላ ስድብ አያስፈልገውም።

ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ባዳ አልነበረም። ራሷ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ይሄይስ ነው። አባታቸው ሲሞት ይሄይስ ገና ፊደል አልቆጠረም፤ እሷ ትምህርቷን አቋርጣ የቀርከሃ መሰንጠቂያ ቢላዋ አነሳች፣ እሱ ተማረ። ባሕር ዳር ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ፣ ሥራውን ናቀና ለቀቀ። ከዚያ አንድ ቀን ከረባት አስሮ በስልክ ቪዲዮ ብቅ አለ፤ «የሕይወት ክህሎት አሰልጣኝ» ሆኖ። ብርድ ልብሱ ካልተገፈፈ የማይነሳ የነበረው ልጅ ሰውን ማለዳ መነሳት ያስተምራል። የበላበትን ሳህን አንስቶ የማያውቀው ልጅ ስለ ኃላፊነት ይናገራል።

እናታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ሸጋ ጠዋትና ማታ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ቅባት ታሻቸዋለች። ይሄይስ አልፎ አልፎ ይደውልና «እማን ሳሚልኝ» ይላል። ሸጋ አትስምለትም።

ባለፈው ዓመት ሥልጠና ሊሰጥ እንጅባራ መጣ። ያረፈው ሆቴል ነው፤ እናቱ ቤት ብቅ አላለም። እንደ አጋጣሚ ያው ሆቴል ለበረንዳው የቀርከሃ ወንበር ከሸጋ አዝዞ ነበር። በባጃጅ ጭና አመጣችው። አዳራሹ በር ላይ አውርዳ ተቀባይ ስትጠብቅ የወንድሟን ድምፅ በማጉያው ሰማች።

«ያሳደገችኝ እህት አለችኝ» ይላል። «ደግ ናት። ግን ራዕይ የላትም። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጣ ቀርከሃ ሰነጠቀች። ለምን እንደምትኖር አንድ ቀን እንኳ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። እናንተ እንደሷ አትሁኑ።»

ሰው አጨበጨበ። ፊት የተቀመጡት ጎንበስ ብለው ጻፉ፤ የሚጻፍ ነገር የተባለ ይመስል።

ሸጋ አልተቆጣችም። ቁጣ ለሚመጥናት ሰው የምታስቀምጠው ነገር ነው። ነጠላዋን አስተካክላ በሰዉ መካከል ወደ መድረኩ ሄደች።

«ይሄይስ» አለችው፣ «እማ ከተኛች ወዲህ አንድ ቀን አገላብጠሃት ታውቃለህ?»

ፊት የተቀመጡት መጻፋቸውን ትተው ቀና አሉ።

«እታለም፣ ይሄን በኋላ ብናወራው…»

«ጥያቄዬ አጭር ነው።»

ይሄይስ ለሰዉ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይቅርታ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ በማጉያው።

«እኔን ስታነሳኝ የቤተሰብ ጉዳይ አልነበረም» አለች። «ለምን እንደምኖር ጠይቄ አላውቅም፤ እሱስ እውነትህን ነው። ስነሳ እማ ረጥባ ትጠብቀኛለች። እሷን ትቼ ምኑን ልጠይቅ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ወንበሮቹን አስረክባ ሄደች።

አመሻሹ ላይ ይሄይስ ወደ ቤት መጣ። ይቅርታ አላለም። ከእናቱ ራስጌ ተንበረከከ፣ የማይንቀሳቀሰውን እጃቸውን ያዘ፣ በሌላው እጁ ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን መቅረጽ ጀመረ። «እናትን ያላከበረ ሰው ስኬትን አያይም» እያለ።

ሸጋ ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ሳፋውን አስያዘችው።

«ውኃው ለብ ያለ ነው። ከጀርባዋ ጀምር።»

«እኔ እንዴት ብዬ… ይሄ የሴት ሥራ ነው።»

«አሰልጣኝ ነህ እኮ። እጀታህን ሰብስብ።»

እሷ እናቷን ደግፋ ያዘች፣ እሱ በሁለት ጣቱ ጨርቁን ነካ አደረገ። ውኃው ፍራሹ ላይ ፈሰሰ። ሽታው ሲያገኘው ፊቱን አዞረ፤ ጀርባቸውን አንድ ሁለቴ አበሰና አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ወደ ደጅ ወጣ። ስልኩን ለመውሰድ ብቻ ተመለሰ። በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ሸጋ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ እናቷን እንደገና አጠበች።

በሳምንቱ ጎረቤቷ ሶስና ቪዲዮውን አሳየቻት። የተንበረከከው ብቻ ነው ያለው፤ ሳፋው የለም። ከሥሩ ሰው ሁሉ ይመርቀዋል፤ «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» ይላል። ሸጋ እስከ መጨረሻው አየችና ስልኩን መለሰች። «መራቂውም እንደሱው ነው» አለች። ይሄይስ አሁን ዳንግላም ይጠራል አሉ፤ አዳራሹ ይሞላለታል።

አንድ ጠዋት ስታገላብጣቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ ቀስ ብለው በአፍ መፍቻቸው በአውኚ ጠየቋት፤ ከታመሙ ወዲህ አማርኛው ይከብዳቸዋል።

«ያን ዕለት ጀርባዬን ያጠበኝ ይሄይስ ነው?»

«አዎ እማ።»

«እጁ ለስላሳ ነው። ደህና ልጅ ወጣው፣ አይደል?»

ሸጋ ስለ ወንድሟ የምትለው ሞልቷት ነበር፤ ለአዳራሹ ብትለው ብትለው የማያልቅ።

«ደህና ነው» አለችና የረጠበውን አንሶላ ከሥራቸው ሳበች።