የኩርባው ደወል

አጎቴ የሞተው አልጋው ላይ፣ በእንቅልፉ ነው። እናቴ አልቅሳ ስታበቃ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው «አልሐምዱሊላህ፣ አስፋልት ላይ አልቀረም» የሚል ነበር።

ሐይቅ ከተማን የሚያውቅ ለምን እንዲህ እንዳለች ይገባዋል። የወልድያው አይሱዙ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ይከንፋል፤ አጎቴ ደግሞ ጠጉሩ ሸብቶም በዚያው አስፋልት ዳር አሮጌ ማውንቴን ሳይክሉን ይነዳ ነበር። ከማርሾቿ የምትሠራው የዳገቷ ብቻ ነበረች። እናቴ ፍሬኗን እንዲያሠራ ስትለምነው «ዳገቱን እኔ እወጣዋለሁ፣ ቁልቁለቱን አላህ ያወርደኛል» ይላታል። ታላቅ ወንድሟ ነውና ምን ትበል? ብቻ ወደ ቤታችን የሚያስገባው ኩርባ ላይ ሲደርስ የሳይክሉን ደወል እንዲደውል አስምላው ነበር። ማታ ማታ ደወሉን እስክትሰማ እጇ ሥራ አይይዝላትም። ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ፣ ገባ» ትልና እራት ታቀርባለች።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሳይክሏን ፍሬን ላሠራላት ወሰድኳት። ማታ ማታ የምትደገፍበት፣ መሪዋ ቀለሙን የፋቀው የግቢያችን ግድግዳ ለብቻው ሲቀር እናቴ በዚያ በኩል ማለፍ ተወች።

ተሠርታ ስታልቅ እየነዳኋት ተመለስኩ። እናቴን ሆድ እንዳይብሳት ብዬ ኩርባውን ድምፅ ሳላሰማ አለፍኩት። በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ለምን አልደወልክም? ቤት ውስጥ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አታውቅም?»

ሳይክሏን አዙሬ ወደ ኩርባው ሄድኩና ደወልኩ። ከግቢው ውስጥ ድምፅዋ መጣ፤

«አልሐምዱሊላህ፣ ገባ።»