ታናሼ ባዶ የተወቻቸው ሦስት ጥያቄዎች

ቅናተኛ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ። በልጅነቴ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ቤታችን ዲላ፣ አባቴ ልብስ ከሚሰፋባት ጠባብ ሱቅ ጀርባ ነበር፤ ልጆቹም ሁለት ነን፣ እኔና በሁለት ዓመት የምበልጣት ታናሼ። በየዓመቱ ከክፍሌ አንደኛ እወጣለሁ። ካርዴን ይዤ ስገባ አባቴ የስፌት መኪናውን አቁሞ ደንበኛ ፊት ጮክ ብሎ ያነበዋል። ያን ቀን አንገቴን ቀና አድርጌ ሰፈሩን ሁሉ ስዞር ነው የምውለው።

በቤታችን አንድ ሕግ ነበር፤ ታላቅ ይቀድማል። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ዲላ የቀረ ሰው ነው፣ እናቴ የኮንጋ ጌዴኦ ናት፤ በስንቱ ነገር እሳትና ጭድ ሲሆኑ በዚህ ግን አንድ ናቸው። እጅ ስንታጠብ መጀመሪያ እኔ፣ ቆጮ ሲቀርብ እኔ፣ ጫማ ሲገዛ እኔ። ጫማው ሲጠበኝ የሷ ይሆናል። ታናሼ አንድ ቀን እንኳ አጉረምርማ አታውቅም፤ እኔ እጄን ሳልሰድ እሷ ወደ ሳህኑ አትሰድም። እኔም መቼም ዓለም ሁሉ እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

መጽሐፌን ግን እስኪጠበኝ አልጠበቀችም። እኔ አምስተኛ፣ እሷ አራተኛ ክፍል ሳለን የኔን የሒሳብ መጽሐፍ ይዛ፣ አባቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚጥልበት ጥግ ትወሸቃለች። ሥዕሉን የምታይ መስሎኝ ዝም አልኳት። ሰኔ ላይ የክፍሏ ኃላፊ መምህር ሱቃችን ድረስ መጡ። ይቺ ልጅ አምስተኛ ብትገባ ዓመቱን ሙሉ የምታውቀውን ስትሰማ ነው የምትከርመው፤ ነሐሴ ላይ የአምስተኛን ፈተና እንፈትናትና ካለፈች ደብል ትምታ፣ ስድስተኛ ትግባ አሉ።

ስድስተኛ ማለት መስከረም ላይ እኔ የምገባበት ክፍል ነው። አባቴ ደስታውም ግራ መጋባቱም እኩል መጥቶበት ወደ እኔ ዞረና ምን ትያለሽ አለኝ፤ ታላቅ ሳትጠየቅ እንዴት ይሆናል። እኔ ምን አገባኝ ብዬ የያዝኩትን ሸሚዝ ቁልፍ መትከሌን ቀጠልኩ። በተሳሳተው በኩል ነበር የተከልኩት፤ ኋላ ሁሉንም ፈታሁት።

ክረምቱን እንዳስጠናት ታዘዝኩ። ታዝዤ እንጂ ወድጄ አይደለም። አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ከመጽሐፉ የክፍልፋይ ጥያቄዎች ሦስቱ አቃቱኝ። አንዱ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ አንድ ገበሬ የቡናውን ሲሶ ይሸጥና ከቀረው ላይ ሩቡን ለወንድሙ ይሰጣል፣ ስንት ተረፈው ነው የሚለው። ይሄ እንኳ ፈተና ላይ አይመጣም ብዬ ላልፈው ስል፣ ታናሼ የአባቴን ጠመኔ አንስታ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሠራችው። ሦስቱንም ሠራቻቸው። ስትጨርስ ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ምን እንዳየችበት እንጃ፤ ደግ ነገር ግን አልነበረም። ጨርቁን ቶሎ አራግፋ አጠፋችው።

ከተፈተነች ከሦስት ቀን በኋላ መምህሩ ወረቀቷን ይዘው መጡ። ለጥቂት ወድቃለች። በሌላው ትምህርት ጎበዝ ሆና ሳለ ሒሳብ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ባዶ ትታቸዋለች፤ ገና ልጅ ናት፣ ባንቸኩልባት ይሻላል አሉ። አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከዚያ በአባቴ ትከሻ ላይ አጮልቄ ወረቀቱን አየሁት። ጥያቄዎቹን ያወጧቸው ከመጽሐፉ ነው። ባዶ የተተዉት ሦስቱ፣ እኔን ያቃቱኝ ሦስቱ ናቸው። ገበሬውም ከነሲሶው እዚያው አለ። ከሦስቱ የሚከብደውን ሌላ ጥያቄ ግን አንዲት ስህተት ሳይኖርባት ሠርታዋለች። እኔ እጄን ያልሰደድኩበት ላይ እሷም እጇን አልሰደደችም።

ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? እሷ አምስተኛ ትገባለች፣ እኔም አንደኝነቴን እንደያዝኩ እቀመጣለሁ። መምህሩ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ። የባጃጅ መቆሚያው ጋ ሊደርሱ ሲሉ እኔም ከኋላቸው በዝናብ ሮጥኩ። በቅጡ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም፤ ትችላለች፣ ለኔ ብላ ነው የተወችው ማለቴን ግን አውቃለሁ። ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ተመለሱ።

ታናሼን አስጠርተው የአባቴ መቁረጫ ጠረጴዛ አጠገብ አቆሟትና የገበሬውን ጥያቄ አነበቡላት። እኔን ታያለች። ደግመው አነበቡላት። አሁንም እኔን። ደሜ ፈላ፤ በሷ ይሁን በራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

«ምን ታይኛለሽ? እኔ አልችለውም፤ አንቺ ትችይዋለሽ። ሥሪው» አልኳት።

አልችለውም የሚለው ቃል አባቴ ፊት ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ታናሼ ጠመኔውን አንስታ የገበሬውን ሠራችው፤ መምህሩም ቀጣዩን አነበቡላት። ሁለተኛውን ጨርሳ ወደ ሦስተኛው ስትሄድ መምህሩ በቃ አሏት፤ እሷ ግን ሦስተኛውንም ጨረሰችው።

ስድስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በመንፈቁ አንደኛ ወጣች፣ እኔ ሁለተኛ። አባቴ ሁለቱንም ካርድ ሲያነብ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ መጽሐፌን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና አስረጂኝ አልኳት። እስከ አሥራ ሁለተኛ እንዲሁ ዘለቅን። ዛሬ እሷ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ታስተምራለች፤ እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ደብል ሊመቱ የሚመጡትን ልጆች የምፈትነው እኔ ነኝ፣ ለማንም አልለቅም።

ባለፈው ነሐሴ ቤተሰቧ ከጨለለቅቱ የመጡ አንዲት ልጅ ልትፈተን ቀረበች። ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት፣ የምትገቢበት ክፍል ውስጥ ታላቅ አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እህቷ እንዳለችና በር ላይ እንደምትጠብቃት ነገረችኝ። ታላቂቱን አስገብቼ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኳት፤ ምን እንድትላትም በጆሮዋ ነገርኳት። ታላቂቱ ፊቷን አኮሳተረች፣ መሬት መሬት አየች። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ አልቸኮልኩባትም።

«ሁሉንም ሥሪው» አለቻት በመጨረሻ።

ያን ጊዜ ትንሿ እጇን ወደ ወረቀቱ ሰደደች።