ቅራሪ ለጀግና

ጣሊያን ቡሬ ላይ ሰፍሮ በነበረበት ዘመን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሆነ ነው። ውሃ ውስጥ ቀለም ሲሟሟ ባየሁ ቁጥር ያ ጠዋት ይመለስብኛል።

ኬሚስትሪ ከምማርበት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት እንደመጣሁ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋብኝ። ማንኩሳ አጠገብ አክስቴ ብርቄ ቤት ተቀመጥሁ። ባላቸው ጋሼ ደምሴ አርበኛ ነበሩ። አንድ ቀን እግራቸውን በጥይት ተመትተው በቃሬዛ መጡ። ቁስሉ መሽተት ጀምሮ ነበር።

«ካልጠራ እግሩ ይቆረጣል» አሉ ወጌሻው።

ጓደኞቻቸው ከጠላት የማረኩትን ጠርሙስ ሰጡኝ። ቁስል የሚታጠብበት ፐርማንጋኔት የሚባል ጥቁር ሐምራዊ ፍሬ ነበረበት። መጠኑን ተምሬዋለሁ፤ አንድ እጅ መድኃኒት ለአሥር ሺህ እጅ ውሃ። ከበረታ ሥጋ ያቃጥላል፣ ከሳሳ አያጠራም። ሚዛን ግን አልነበረም።

ከመቃና ከሁለት ቅል ሚዛን ሠራሁ። መመዘኛዬ የአክስቴ ጠገራ ብሮች ሆኑ። የአሥር ብር ክብደት ውሃ የሚይዝ ዋንጫም አገኘሁ። የአንድ ብር ክብደት ፍሬ በአሥር ዋንጫ ውሃ በጠበጥሁ፤ አንድ መቶኛ ሆነ። ከዚያ አንድ ዋንጫ ቀድቼ በዘጠኝ ዋንጫ ውሃ አቀጠንሁት፤ አንድ ሺህኛ። ከዚህም ቀድቼ እንደገና እንዲሁ፤ የተማርሁት አንድ አሥር ሺህኛ ወጣ።

ሦስቱ ድስቶች ደጃፉ ላይ ተደርድረው ሳሉ ጭጋጉ ተገለጠና ፀሐይ ገባባቸው። የፊተኛው ሌሊት፣ መካከለኛው ወይን፣ የመጨረሻው የንጋት ሰማይ መሰለ። ጦርነት መኖሩን ለአፍታ ረሳሁ።

ጋሼ ደምሴ የመጨረሻውን አይተው ቀለዱ። «ብርቄ፣ ጉሹን ለማን ደበቅሽው? ለእኔ ቅራሪ ደረሰኝ?»

በዚያ ቤት ወፍራሙ ጉሽ ጠላ እያለ፣ አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣውን ቀጭን ቅራሪ ለዘማች ማቅረብ ነውር ነበር። አክስቴ ፊታቸው ተለወጠ።

ጨርቅ ላመጣ ጓዳ ገብቼ ስመለስ የእግር ማጠቢያው ሳህን ጠቁሯል። አክስቴ ከፊተኛው ድስት ገልብጠውበታል። ጋሼ ደምሴ እግራቸውን እያወረዱ ነው።

እኔ በትልልቅ ሰዎች ፊት ቀና ብዬ የማልናገር ነበርሁ። ቃል እምቢ ሲለኝ ሁለት እጄን ከእግራቸው ሥር ዘረጋሁ። ተረከዛቸው መዳፌ ላይ አረፈ። እጆቼ ውሃው ውስጥ ጠለቁ፣ ቁስሉ ከላይ ቀረ።

«ምነው ልጄ?»

«ጋሼ፣ ጉሹ ያቃጥልዎታል። እርስዎን የሚያድንዎ ቅራሪው ነው።»

አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔ እኮ ላከብረው ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ጋሼ ደምሴ ሁለታችንንም አዩን። «በሉ ቅራሪውን አምጡ። ማንኩሳ ገበያ ላይ ግን እንዳይወራብኝ።»

በየጠዋቱ በዚያ የንጋት ውሃ አጠብናቸው። ሽታው ጠፋ፣ እግራቸው ተረፈ። ጣሊያን ሲወጣ ትንሽ እያነከሱ ቡሬ ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

የእጄ ቡናማ እድፍ ቆይቶ ለቀቀ። አሁንም ሰው ፊት ቃል ሲጠፋኝ መዳፌን ከነጠላዬ ሥር እዘረጋለሁ። ያ ተረከዝ ያረፈበት ቦታ ይከብደኛል፤ ከዚያ እናገራለሁ።